ከኬኩ በፊት የተፎከረ

ለዌስተርቪልና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የናርዲ የሃይስኩል ምረቃ ኬክ ያለ ፉከራ እንዳይቆረጥ በአባቷ በጋሼ ጎሹ ተወስኖ ነበር። ፎካሪዋም ራሷ ናርዲ ነበረች። የጋሼ ጎሹ ቅድመ አያት ለአገር ነጻነት ዘምተው ሲመለሱ የፎከሩትን፣ አባቷ ትምህርት ቤት ሲያደርሷት መኪና ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ አስጠንተዋታል። የኬኩን ቢላዋ እየወዘወዘች አንድም ቃል ሳትስት ተወጣችው።

«እጁ እንደታሰረ ቢለምነኝ ውሃ፣
ጎራዴ አጠጣሁት እዚያው በበረሃ።»

ሴቶቹ የኮሮና ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አውርደው እልል አሉ። «እሰይ፣ ጀግና ወልደዋል ጋሼ» አለ ከእንግዶቹ አንዱ ኑረዲን። ናርዲ አማርኛዋ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ወደ ፈረንጅ ጓደኞቿ እያመለከተች «ዳድ፣ ትራንስሌት አድርግላቸው» አለች።

ጋሼ ጎሹ ደረታቸውን ነፍተው «ሂዝ ሃንድስ...» ብለው ጀመሩና ቃሉ ሲጠፋባቸው የገዛ እጆቻቸውን አንጓ ላንጓ አጣምረው አሳዩ። እጆቻቸው እንደተጣመሩ ቀሩ። በየሰርጉ አርባ ዓመት ሲፎክሩት ቤት መምታቱን እንጂ ሰውየው ምርኮኛ መሆኑን ልብ ብለውት አያውቁም ነበር። አሁን ደግሞ በልጃቸው አፍ «አጠጣሁት» አስብለዋል።

ናርዲ ጉሮሯቸው የደረቀ መስሏት፣ በአንድ እጇ ቢላዋውን እንደያዘች በሌላው የውሃ ጠርሙሷን ዘረጋችላቸው። «ሂዝ ሃንድስ ምን ሆኑ፣ ዳድ?»

«ኬኩን ቁረጪ» አሉ፣ ውሃውን ሳይቀበሉ። «አልተረጉምም።»