ጋሽ ሜትሮ ያልለኩት ወንበር

ጠጋ በሉማ ልጆቼ... ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማችሁም...

«እጄን አልሰጥህም አባዬ። ራስህ ተነሳ።»

እንዲህ ያላቸው የገዛ ልጃቸው ነው... ጎረቤት እየሰማ።

ጋሽ ሜትሮ አናጢ ናቸው። ሜትሮ ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላቸው።

አርባ ዓመት ወንበር ሠርተዋል... የሰው ወንበር ካዩ ሳይለኩ አያልፉም። የራሳቸውን ግን አይነኩም። «የእጄን ሥራ አልለካም» ይላሉ፣ ኩራታቸው ነው።

ስኳሩን ከለመዱት ቆይተዋል፤ መርፌያቸውንም ራሳቸው ይወጋሉ። አሁን የመጣው ሌላ ነው...

ጭናቸው ሟሸሸ። ሱሪው ሰፋቸው። ከሶፋ ለመነሳት ሰው መጣራት ጀመሩ።

ትልቋ ልጃቸው ነፍሷን አትሰስትላቸውም። ደግፋ ታነሳለች፣ ውሃ እጃቸው ላይ ታደርሳለች... ስኳር ይጨምራል ብላ እንቁላሉንም ባቄላውንም ከልክላቸዋለች።

በመጨረሻም ዊልቸር ላስመጣ፣ የአናጢ ቤቱም ይዘጋ አለች።

እሳቸው ደግሞ ሞትን እንኳ እንደዚህች በር መዘጋት አልፈሩም...

ትንሹ ልጅ ታዲያ ሦስት ወር ብቻ ስጪኝ ብሎ እህቱን ለመናት።

ሶፋውን አስወጣ። አባቱ በእጃቸው የሠሩትን ደረቅ ወንበር አመጣ።

ጠዋት እንቁላል ራሱ ቀቅሎ ያቀርባል። ከዚያ ስኳራቸውን ለክቶ፣ አጠገባቸው ቆሞ ቁጭ ብድግ ያስደርጋቸዋል... መጀመሪያ አምስት፣ ኋላ አሥር።

እህትየው ጨካኝ አለችው። ጎረቤቱም ተቀበላት።

እሱ ግን ቁጥሩን ይቀጥላል...

ጋሽ ሜትሮን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። መነሳቱ በየሳምንቱ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። ጉልበቴ እያለቀ ነው ብለው በሆዳቸው ያዙት።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ሴት ልጃቸውን ጠሩ።

«ዊልቸሩን አስመጪው ልጄ... በቃኝ።»

እሷ አለቀሰች። ወንድሟን አይኑን ላየው አልፈልግም አለች።

እሱ ሜትሮውን ከአባቱ ኪስ አወጣና እጃቸው ላይ አስቀመጠ።

«ወንበርህን ለካው አባዬ።»

«የእጄን ሥራ?»

«ለካው።»

ተነሱ... ማንም አልደገፋቸውም። በርከክ ብለው ለኩ። ደግመው ለኩ።

«አርባ አምስት ሳንቲ አድርጌ ነው የሠራሁት... ይሄ ሠላሳ አራት ነው።»



«ዓርብ ዓርብ ከእህቴ ጋር ክሊኒክ ስትሄዱ እግሮቹን አንድ አንድ ሳንቲ እያልኩ ስቆርጥ ነበር» አለ ልጁ። «የወረደው ወንበሩ ነው አባዬ... አንተማ በርትተሃል።»

ለካ ልጁ ቀድሞ የክሊኒኩ ነርስ ጋ ሄዶ ነበር። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይሳሳል፣ ስኳር ያፋጥነዋል፣ መቀመጥ ይጨርሰዋል... እንቁላልና ባቄላ ይብሉ፣ በየቀኑም ይነሱ ይቀመጡ ብላው ነበር። መጋዙ ብቻ የራሱ ብልሃት ነው። ቢናገር አባቱ ወንበሬን አትንካ ይሉታል፤ እህቱም አታስቆርጠውም።

ጋሽ ሜትሮ ወንበሩን ገልብጠው እግሮቹን አዩ።

«አቆራረጥህ ጠማማ ነው» አሉት። «ነገ ከእኔ ጋር ትመጣና ትማራለህ።»

ዛሬ በእግራቸው አናጢ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ እስከ ምሳ ይሠራሉ። ስኳሩ አልለቀቃቸውም፣ መርፌውም አልቀረም። ልጁ ቀጥ አድርጎ መጋዝ ተምሯል። እንቁላሉን አሁን የምትቀቅለው እህትየው ናት... ዊልቸሩም በዚያው ቀረ። አጭሩ ወንበር የአናጢ ቤቱ በር ላይ ነው፣ የልጅ ልጆች ይቀመጡበታል።

ልጆቼ... የምንወደውን ሰው ሁሉን ነገር ስናደርግለት፣ ሳናውቀው ጉልበቱን እንወስድበታለን። አንዳንዴ ፍቅር ማለት እጅን ሰብስቦ አጠገብ መቆም ነው።

እናንተስ... በቤታችሁ ራሱ መነሳት እየቻለ የምታነሱት ሰው ማን ነው?

ከታች ጻፉልኝ፣ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።