ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች

ሰኞ ጠዋት የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ማውስ አልቀበልም አለ። ፍላሽ ተሰካበት፣ ዝም። የፕሪንተሩ ገመድ ተሰካበት፣ ዝም። ሦስቱም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ሞተው አድረዋል።

ሐኪሙ ተጠራ። ሐኪሙ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ማሽን ሲመረምር እንደ በሽተኛ ጆሮውን አስጠግቶ ስለሚያዳምጥ ነው ስሙ የወጣለት። ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም፤ ጥቂት ቀናት ይቀሩታል። ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች ቀኖቹን ከሱ ይልቅ እሷ ትቆጥራቸዋለች።

ሥራ አስኪያጁ ችግሩን ባጭሩ ነገረው። በዚህ ሳምንት መውጣት ያለበት አንድ ደብዳቤ አለ። ኮሪደር ላይ ባለው የጋራ ማተሚያ አይሆንም፤ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ደብዳቤው የሚወጣው እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ትንሽ ፕሪንተር ነው፤ እሷ ደግሞ ከገመድ ሌላ አታውቅም።

ሐኪሙ ሥራውን ጀመረ። ጥፋቱ የማውሱ እንዳይሆን ብሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው፤ ይሠራል። ቀዳዳዎቹን በባትሪ እያበራ አያቸው፤ በለስላሳ ብሩሽ አቧራቸውን ጠረገ። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ያዘ። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። አልበቃም።

ያገኘው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀዳዳዎቹ አልተበላሹም፤ ከሲስተሙ ውስጥ አንድ በአንድ ተዘግተዋል። ከፈታቸው፤ ማውሷም ቀይ መብራቷን አበራች። ሥራ አስኪያጁ ግን ስብሰባ ወጥቶ ነበርና ደብዳቤው ለረቡዕ ተላለፈ።

ረቡዕ ጠዋት ቀዳዳዎቹ እንደገና ሞተው ተገኙ።

አሁን ነገሩ ሐኪሙን ከነከነው። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የሰው እጅ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳን ከሲስተም መዝጋት የሚያውቁት ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ራሱ ነው። ሁለተኛዋ እታለም ናት።

እታለም የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ትልቅ ትንሹ በዚህ ቁልምጫ ነው የሚጠራት። እዚያች ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስትቀመጥ አራት ሥራ አስኪያጆች ሸኝታለች፤ ያነበበችው ደብዳቤ ግን አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ሀና ሐን መለየት ስለማይሆንለት፣ የጻፈውን ሁሉ እሷ ሳታርመው አይፈርምም። በፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ያስቸገራት ጊዜ፣ ቀዳዳ አዘጋጉን ያስተማራት ሐኪሙ ነው።

ግን ለምን ታደርገዋለች? መልሱን የሰጠው የሥራ አስኪያጁ ሹፌር ነው። ሹፌሩ መኪና ውስጥ የሰማውን ይዞ የማደር ልማድ የለውም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ወጣት ጸሐፊ ሲያፈላልግ ሰምቷል፤ እታለም በጡረታ ልትሸኝ ነው።

ለሐኪሙ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነለት። የራሷን መሸኛ እያፈነች ነው። አዘነላት። ጠዋት ጠዋት ሚስትህ እንዴት አደረች፣ በደንብ ትብላ እያለች የምትጠይቀው እሷ ብቻ ናት። ሰሞኑንማ አብዝታዋለች። ለካ ልታባብለኝ ኖሯል፣ አለ በልቡ።

ይሄኛው አዘጋግ ከፊተኛው ጠለቅ ያለ ነበር፤ ላፕቶፑ ገና ሲነሣ ከሚያነበው ከመነሻ ቅንብሩ ላይ ነው የተሠራው። ተማሪዋ አስተማሪዋን ማለፏን ሳያደንቅ አልቀረም። ሐሙስ ማምሻውን ደርሶበት ከፈታቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

ዓርብ ማልዶ ገባ። እታለም ከሱ ቀድማለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ልትከፍት ስትል እጅ ከፍንጅ ያዛት።

አልደነገጠችም። ብድግ ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"የዛሬን ብቻ ተወው" አለችው። "ሰኞ እንደልብህ ትሠራዋለህ።"

"እታለም፣ ዛሬ እኮ የሙከራ ጊዜዬ ማለቂያ ነው። አንድ ላፕቶፕ ሳምንት ሙሉ አቃተው ልባል?"

"ይባል።"

"ለምን ብዬ?"

እታለም አፏን ከፈተች። ሃያ ስድስት ዓመት ምስጢር የጠበቀ አፍ ነውና ቃሉ አልወጣ አላት። "እባክህ" ብቻ አለችና ወደ ወንበሯ ሄደች።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ጡረታ እንደሆነ አይቀርም፤ ዓርብ ሆነ ሰኞ ምን ይለውጣል? ቀዳዳዎቹን ፈትሾ መነሻ ቅንብሩን በይለፍ ቃል ቆለፈው። ከእንግዲህ የሚነካው የለም።

ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ማውሷ ትንቀሳቀሳለች፣ ፕሪንተሯም ተዘጋጅታለች። ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ የእታለምን ስም አላነሣም። የሲስተም ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል አለ። እንዲህ በማለቱ ልቡ ሞቅ አለው። ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግላት ይችላል?

ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። ተስፋ ቆርጦ እንደነበር፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን እንደማይደርስበት ተናገረ። ከዚያ ደብዳቤውን አዘዘ። ፕሪንተሯ አጉረምርማ አንድ ወረቀት ተፋች። ቀኑን አየ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት።

ሐኪሙ የእታለምን ፊት ሳያይ የሚወጣበትን ዘዴ እያሰበ ዕቃውን ሰበሰበ።

"ቆይ፣ አትሂድ" አለው ሥራ አስኪያጁ፤ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። "መቀበልህን እዚች ጋ ፈርምልኝ።"

ጉዳዩ፦ በሙያ ብቃት ማነስ ምክንያት ከሙከራ ቅጥር ስለመሰናበትዎ፣ ይላል።