ከአለቃው በስተቀኝ

ኮርዊን ሲያስል ዌንደል የሞተሩን እጀታ ወደ ግራ ሰበረና ነፋሱ ከማይነካው በኩል ዞረ።

«ምን ሆነህ ነው የምትሸሸኝ?» አለ ኮርዊን ቀይ መብራቱ ላይ ሲቆሙ።

«አንተ ምን ሆነህ ነው? ሳንባህን ልትተፋው ነው እኮ!»

«የድርቆሽ አቧራ ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል።»

«የዘንድሮው አቧራ ስም ወጥቶለታል፣ ወንድሜ። ኮሮና ይሉታል።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሞተረኞች በየዓመቱ የሚሰበሰቡባት የስተርጂስ ከተማ ዋና መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሞተር በሞተር ሆኗል። አገር ምድሩ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ዓመት፣ እዚህ ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ቢራውን ይገለብጣል። ከሞተረኞች ማኅበራቸው አባላት አፉን የሸፈነ ዌንደል ብቻ ነው። ጥቁር መሐረቡን እስከ አፍንጫው ድረስ ጠፍንጎታል። «ባንክ የምትዘርፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል።

ይቀልዱ። እነሱ ቤት ኦርቫል የለም።

ኦርቫል አባቱ ነው። ማኅበሩን ከመሠረቱት ውስጥ በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነው፤ የሚተነፍሰውም በአንድ ሳንባ ነው። ሌላውን ሐኪሞች አውጥተውታል። ኔብራስካ ያለው እርሻ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ። ዌንደል ግን ቤት መቀመጥ አይሆንለትም። አምስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

«ሂድ» አለው ኦርቫል። «በሽታውን ይዘህብኝ እንዳትመጣ እንጂ።»

«ስመለስ ሁለት ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ነው የምተኛው። እምልልሃለሁ።»

የሚሄድ ዕለት ጠዋት የዶሮ ሾርባ ሠራለት። ቀመሰው፤ ውኃ ውኃ አለው። ጨው ጨመረ። ደግሞ ቀመሰ፤ ደግሞ ጨመረ። ኦርቫል አንድ ማንኪያ አፉ አድርሶ መልሶ ሳህኑ ላይ ተፋው።

«አንተ ጉድ! ቋንጣ ልታደርገኝ ነው?»

ተሳሳቁ። እንደ ልማዳቸው ግንባር ለግንባር ተጋጭተው ተለያዩ።

ዌንደል መሐላውን ጠበቀ። ድንኳኑን ለብቻው ተከለ። ከሰው ጠርሙስ አልተጎነጨም። በተለይ ኮርዊንን እንደ እባብ ሸሸው። ኮርዊን ግን አይሸሹት ነገር ሆነ። የሰልፉ ዘብ ስለሆነ ከአለቃው ከቱርማን በስተቀኝ እየነዳ፣ ሳሉን በነፋስ ወደ ኋላ ይልካል። አንድ ቀን ብቻ ነው ከዚያ የተነሳው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በጸደይ ልቡ ቆሞ ለሞተው ለድዋይት ሲነዱ። ከማኅበሩ ሰው ሲሞት ያ ቦታ ለአንድ ጉዞ ባዶ ይተዋል። ኮርዊንም ያን ቀን ወደ ሰልፉ ጭራ ወርዶ ነዳ።

በሦስተኛው ቀን ዌንደል ቱርማንን ሊነሳ ሲል ደረሰበት።

«አለቃ፣ ስለ ኮርዊን አንድ ክፉ ነገር ልንገርህ።»

«ቁም!» አለ ቱርማን ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ። «ሕጉን ረሳኸው? ሞተር ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መጀመሪያ እግሬ መሬት ይንካ።» ጋዙን ጠምዝዞ እየሳቀ ሄደ።

ምሳ ላይ ግን ያዘው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ትሪ ጥብስ እየበሉ ነው።

«ኮርዊን ታሟል። ወደ ቤቱ መልሰው።»

«ኧረ ተወው፣ አቧራ ነው ብሏል» አለ ቱርማን፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ኡፍ! ይሄ ቃሪያ ሊገድለኝ ነው!»

«የቱ ቃሪያ? አፈር አፈር የሚል ሥጋ ነው የሸጡልን።»

በአራተኛው ቀን ቤት ደወለ። አባቱ እያለከለከ አነሳ። «ከጓሮ እየገባሁ ነው» አለ። በማግስቱ የዌንደል እህት ቨርና አነሳች። «ተኝቷል» አለች። በስድስተኛው ቀን ስልኩ ከኪሱ ወደቀና ከኋላ የመጣው ሞተር ፈጨው። ዌንደል አልከፋውም። እሁድ ይገባ የለ!

ቅዳሜ ምሽት ኮርዊን እንባው እስኪመጣ አሳለ። ዌንደል ከሩቅ ቆሞ ጮኸበት።

«ነገ ጠዋት ክሊኒክ ሄደህ ካልተመረመርክ ከአንተ ጋር አንድ መንገድ አልነዳም! የአባቴ ነገር ነው፤ አትቀልድብኝ!»

«እሺ፣ እሺ። አታልቅስ፣ እሄዳለሁ።»

እሁድ ጠዋት ሰልፉ ወደ ቤት ሊነሳ ተደረደረ። ዌንደል ሞተሩን አስነስቶ ቦታውን ያዘና ወደ ፊት ተመለከተ። ከቱርማን በስተቀኝ ማንም የለም።

ወደ ጭራው ዞረ። ኮርዊን እዚያም የለም።

ስለ መሐረቡ የቀለደ የለም። ዓይኑን ያየው ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«አልኳችሁ!» ብሎ ጮኸ። «አቧራ ነው ስትሉ፣ ስትስቁብኝ፣ አልኳችሁ! ይኸው ሰውየውን በላችሁት!»

ቱርማን የራስ ቁሩን አወለቀ። ዌንደል በልቡ ቀኖቹን አሰላ። ከኮርዊን ጋር አልበላም፤ አልጠጣም፤ አልተጨባበጠም። እሱ ንጹሕ ነው። አባቱን ጠብቆለታል።

ያኔ ኮርዊን በእግሩ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ በእጁ ወረቀት ይዟል።

«አትጠጋኝ!»

«ነፃ ነኝ። ይኸው ወረቀቱ።»

«ታዲያ ቦታህን ለምን ባዶ ተዉት?»

ኮርዊን ክንዱን ሰዶ የዌንደልን ሞተር በቁልፉ አጠፋው።

«ከክሊኒኩ ስወጣ ቨርና ደወለችልኝ፤ ለአለቃው ነገርኩት። ውረድ፣ ወንድሜ፤ እግርህ መሬት ይንካ።»