ከጀልባው ቤት ፊት ለፊት

ሰዓት ጠጋኙ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ሱቁን ለአንድ ሳምንት ይዘጋና ድንኳኑን ጭኖ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጎረቤቶቹ "ባሕር ወዳዱ" የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ድሮማ እውነት ነበር። ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ አባት፣ እናትና ልጅ ከዚያ የድንኳን ሰፈር ቀርተው አያውቁም። ልጅቷ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ጫማዋን ታወልቅ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ጊዜ፣ ጀልባ አከራዩ ወለሏ የተሰነጠቀ ጀልባ ሰጣት። ስንጥቁን ያውቀው ነበር።

"ምንም አትልም፤ ደርሰሽ ነይ" አላት።

አልመጣችም።

ዳኛው "ቸልተኝነት ነው" ብለው ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ሁለት ዓመት! ሰዓት ጠጋኙ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመና ሚስቱን "የሱን ፍርድ የምሰጠው እኔ ነኝ" አላት።

ሰውዬው ተፈትቶ ወደ ጀልባዎቹ በተመለሰ በሳምንቱ፣ ሰዓት ጠጋኙ ድንኳኑን ይዞ ወረደ። ሐሳቡ ሰውዬውን ለመግደል ነበር። መንገዱን ሁሉ ያንን እያሰበ፣ ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ሰውዬውን ሲያየው ግን ሐሳቡን ለወጠ። ሞት አንድ ጊዜ ነው፤ ያልቃል። እሱ የፈለገው የማያልቅ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን የሰዓት ጥርሶች በመነጽር ሲያይ የኖረ ሰው ትዕግሥት አያጣም።

ከጀልባው ቤት ፊት ለፊት ያለውን ቦታ መርጦ ድንኳኑን ተከለ። ወንበሩን አሸዋው ላይ አደረገ። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጠና ፊቱን ወደ ሰውዬው አዙሮ ተቀመጠ።

ጀልባ አከራዩ ቀና ሲል ዐወቀው። መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ። ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል።

ሰዓት ጠጋኙን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጣመው።

ሳምንቱን ሙሉ አየው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በዓመቱ ተመለሰ፤ በዓመቱም እንደገና። ሲመጣ ቦታው ተጠርጎ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ ደረቅ እንጨት ተከምሮ ያገኘዋል። አንዴማ ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ተሠርቶ ጠበቀው።

"ጉቦ" አለ በልቡ። ዳሱን ነቅሎ ጣለው። እንጨቱን በእግሩ በተነው።

ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን አውልቆ ከወገቡ ጎንበስ ይልለታል። ሰዓት ጠጋኙ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል እንጂ ሰላምታውን አይመልስም። በየዓመቱ የሰውዬው ትከሻ እየጠበበ፣ ጸጉሩ እየሸሸ መሄዱን ይመዘግባል፤ የሚመዘግበው በልቡ ነው። እየበላሁት ነው ይላል።

"ተው እንጂ የኔ ጌታ፣ ይብቃህ" ትለዋለች ሚስቱ። "ያን ሰው ስታይ አረጀህ እኮ!"

"እሱም እያረጀ ነው።"

"እኔስ? እኔን ማን ይየኝ?"

በሰባተኛው ዓመት ከባሕሩ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ዕቃዋን ሸክፋ እኅቷ ጋ ገብታለች። ትንሽ ከፋው። ከዚያ የሚቀጥለውን ጉዞ ቀን ይቆጥር ጀመር።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት የጀልባው ቤት ተዘግቶ ጠበቀው። ጀልባዎቹ በአፋቸው ተደፍተዋል። የሰውዬው ሚስት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች በአሸዋው ላይ መጣች። በዐሥር ዓመት ውስጥ ቀርባው አታውቅም።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለቤቴ ዐረፈ። ሁለት ወር ሆነው።"

ሰዓት ጠጋኙ ወንበሩን በደንብ አመቻቸ። ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል፤ አሁን እያንዳንዷን ቃል መስማት ይፈልጋል።

"ምን አገኘው?"

"ልቡ ነው። ሐኪሙ 'ይህን ያህል መቆየቱም ይገርማል' አለ።"

"ይጨነቅ ነበር?"

"የልጅቷን ነገርማ አንድም ቀን አልረሳው።"

"እኔንስ?" አለ። "እኔን ያነሣኝ ነበር?"

"በየቀኑ እንጂ!"

ልቡ ሞላ። ልጁን አሰበ። ሊነሣ ሲል ሴትዮዋ ዝቅ ብላ ሁለት እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው።

"ከእስር የወጣ ሳምንት ራሱን ሊያጠፋ ተሰናብቶኝ ከቤት ሲወጣ ነው እርስዎ ድንኳን ሲተክሉ ያየው፤ 'አባቷ ይቅር ብሎኝ ከጎኔ ሊሰፍር መጣ' ብሎ እያለቀሰ ተመለሰልኝ፤ ይህን ዐሥር ዓመት የሰጡን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"