በእቴጌይቱ የቀናችው ብርቅዬ

በጎረቤት ቤት የሚቀና አይታችኋል፣ በሰው ባል የምትቀናም አይታችኋል። በሞተች እቴጌ የቀናች፣ ያውም ከሺህ ዓመት በፊት በሞተች፣ እኔ የማውቀው ብርቅዬን ብቻ ነው። ሳቁ እንጂ፤ እኛም ስቀን ነበር።

ቶሮንቶ ነው ነገሩ፣ ኢስት ዮርክ፣ በዘጠናዎቹ አንዱ የበረዶ ወራት።

ብርቅዬ በወረቀት ስሟ መሰረት ናት። የምትሠራበት ዳቦ ቤትም መሰረት ነው የሚሏት። ብርቅዬ ያላት ባሏ ክፍሌ ነው፤ ገና ሱዳን ሳሉ፣ ያጫት ጊዜ። ያገራችን ወግ አይደል፣ ሙሽራ ስም ይወጣላታል። እሷም ስሟን እንደ ቀለበቷ ነው የምታየው። ለባዕድ አትሰጠውም።

ክፍሌ ታክሲ እየነዳ ዩኒቨርስቲ ይማራል። የሚማረው ስለ አቫሮች ነው። እነማን ናቸው ብላችሁ አታድክሙኝ፤ ድሮ በፈረንጅ አገር መሐል ድንኳን ተክለው የነገሡ ፈረሰኞች ናቸው አሉ። እነሱ ስለ ራሳቸው ጽፈው ያቆዩት ነገር የለም፤ ስለ ነገሥታታቸው የጻፈው ጠላት ነው። ጠላት የጻፈውን ደግሞ አንዱ ምሁር ያምናል፣ አንዱ አያምንም። እንግዲህ ክፍሌ በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቶ ይዋኛል።

"የሰው አገር ንጉሥ ምን ያደርግልሃል? የራሳችን አነሱን?" ትለዋለች።

"የኛዎቹማ ስማቸው ይታወቃል" ይላታል።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ብርቅዬ አጠገቡ ልብስ ታጥፋለች።

"ካቱን" አለ በእንቅልፍ ልቡ።

"የምን ካርቶን?" አለችው። ዕቃ ሊያሽግ ያሰበ መስሏት።

እሱ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። "ካቱን፣ ካፖርትሽን ልበሺ። ይበርድሻል።"

የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። ካርቶን "ልበሺ" ይባላል? አይባልም!

ከዚያ ወዲያ ጆሮዋን ተከለች። ስልክ ሲያወራ ካቱን። ሲያነብ ካቱን። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ እንኳ መስታወቱን እያየ ካቱን፣ ካቱን። እህል አልወርድ አላት፤ ዳቦ ቤት ቆማ የሰው ዳቦ ታሳርራለች። በመጨረሻ ጎረቤቷን ጽጌን ኮል አደረገቻት።

"ጽጌ፣ ባሌ ሴት ይዟል።"

"በስመ አብ! ማንን?"

"ካቱን የምትባል። ቱርክ ትሁን ዐረብ እንጃላት።"

ጽጌ አፏ አያርፍም፤ ግን ልቧ ደግ ነው። ሁሉንም የሚያስታርቁትን ጋሽ ባልቻን ይዛ ከች አለች። ብርቅዬ ሻንጣዋን በሩ ላይ አቁማ ጠበቀቻቸው።

"ጋሽ ባልቻ፣ ዛሬ እውነቱን ካልነገረኝ ዌስተን ሰፈር እህቴ ጋ ነኝ። አሥር ዓመት አብሬው ተሰድጃለሁ፤ ሁለተኛ ሆኜ ግን አልኖርም።"

ክፍሌ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ኋላ ሳቁ መጣበት።

"ይስሙኝማ ጋሼ። ካቱን የአቫሮቹ እቴጌ ናት። አንድ የጥንት የላቲን ጽሑፍ ላይ ካቱና የምትባል ሴት አለች። ስሟ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ማዕረግ ነው ብዬ እሟገታለሁ። ባሏም እንደሷው ነው። ካጋን ማለት ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው፤ አንዳንድ የፈረንጅ ጸሐፊ ግን የሰውየው ስም መስሎት ጻፈው።"

"አቶ ጃንሆይ የሚባል ሰው ነበረ እንደ ማለት?" አሉ ጋሽ ባልቻ።

"እንደሱ! ልክ እንደሱ!"

ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "በይ ልጄ፣ ተጽናኚ። የጣውንትሽ አጥንት እንኳ አፈር ሆኗል።"

"ካፖርቱስ?" አለች ብርቅዬ።

ክፍሌ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው።

"አገራቸው ብርዳም ነበር" አለ።

ይኼኔ ጽጌ ከሳቋ ብዛት ከሶፋው ልትንሸራተት ደረሰች። "አይ ወንድ! በሕልሙ እንኳ ለእቴጌ ይላላካል!" ብርቅዬም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሻንጣውን ወደ ጓዳ የመለሰው ክፍሌ ራሱ ነው።

ቅናት እንዲህ ነው ልጆቼ፤ መቃብር ቆፍሮ ሰው ያስነሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ "እቴጌይቱ ደኅና ናቸው?" እያሉ አላገጡባት። እሷም ቻለችው። አጥፍቻለሁ አለች በልቧ፤ የተማረ ባሌን በአጥንት ጠረጠርኩት።

በሳምንቱ ልትክሰው ፈለገች። የሚወደውን የምስር ሳምቡሳ ጠበሰች፣ ትኩሱን በፎጣ ጠቀለለችና ሰብዌይ ተሳፍራ ዩኒቨርስቲው ሄደች። እግሯ እዚያ ረግጦ አያውቅም። ጠይቃ ጠይቃ ክፍሌ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሚጋራውን ቢሮ አገኘችው። አንኳኳች።

የከፈተችላት ያገር ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ሥርዓት ያላት።

"ክፍሌን ነው? ክላስ ገብቷል፣ አሁን ይመጣል። ይግቡ እትዬ፣ በረዶ ላይ መጥተው። ማን መጡ ልበለው?"

ባዕድ ናትና "መሰረት" አለቻት። "ሳምቡሳ ላደርስለት ነው።"

ልጅቱ ያለውን አንድ ወንበር ለቀቀችላት፤ ካፖርቷን ከላዩ አንስታ ክንዷ ላይ አደረገች። ብርቅዬ ደስ አላት። ባሌ በዚህ ሁሉ ፈረንጅ መሐል ብቻውን አይደለም፣ ደግ ያገር ሰው አጠገቡ አለ አለች በልቧ። ፎጣውን ፈትታ አንድ ሳምቡሳ አጎረሰቻት።

"አንቺስ የኔ እመቤት፣ ስምሽ ማነው?"

"ጽዮን" አለች ልጅቱ፣ ጉርሻዋን ውጣ እያፈረች። "ክፍሌ ግን ስም አውጥቶልኛል። ካቱን ነው የሚለኝ።"