የጀርመን ወታደር መሣሪያ አይጥልም

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ ጠመንጃ የሚያዝ፣ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ አዲስ መሣሪያ ሠራና ጦርነቱን ብቻውን ያሸነፈ ይመስል ደረቱን ነፋ።

"ጌታዬ፣" አሉት ሽማግሌው ብረት ሠራተኛ ኦትማር፣ "ጥይት ከጎረሰ በኋላ ሰደፉ መሬት ከመታ በራሱ ይተኩሳል። መቆለፊያ እናብጅለት።"

"እርስዎ ደግሞ! የጀርመን ወታደር ሚስቱን ይጥል እንደሆን እንጂ መሣሪያውን አይጥልም።"

ኦትማር መሣሪያዎቹን ያለ መቆለፊያ ሠሩ።

የሙከራው ዕለት፣ መሣሪያውን ሊያዩ የሚመጡት ጄኔራል መጠበቅ ስለማይወዱ፣ መሐንዲሱ መሣሪያዎቹን አስቀድሞ ጥይት አስጎረሳቸው። በሥርዓታቸው የተመሰከረላቸውን ዐሥር ወታደሮችም ራሱ መርጦ ከፍ ብሎ ለጄኔራሉ ከተሠራው የእንጨት ሰገነት ሥር አሰለፈ። እሱ ከላይ፣ ከጄኔራሉ ወንበር አጠገብ ቆሞ፣ ኒሻን የሚንጠለጠልበትን የደረቱን ቦታ በእጁ ያሻሽ ጀመር።

ጄኔራሉ ወደ ሰገነቱ ብቅ አሉ። ወታደሮቹ እንደ ወጉ ለክብራቸው ቀጥ ብለው ቆሙና ሰደፋቸውን ከመሬት አጋጩ።

አንድም ሰው መሣሪያውን አልጣለም። ሥርዓታቸውም እንደተመሰከረለት ነበር፤ ዐሥሩም መሣሪያዎች የሰገነቱን ወለል የበሱት በአንድ ድምፅ ነው።