የጋሽ ደጀኔ ወገብ

ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘርፌ ጋር ተኳርፈው ሳሎን ሶፋ ላይ ሲያድሩ የሰነበቱት ጋሽ ደጀኔ ወገባቸው ተያዘ። ወጌሻው አሽተው አቃኑላቸውና፣ "ከእንግዲህ አልጋ ላይ ይተኙ፤ ባለቤትዎም በየቀኑ በቅባት ይሹዎት" አሏቸው። እትዬ ዘርፌ እያጉረመረሙ ማሸት ጀመሩ።

ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ወጌሻው ወገባቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ "ድነዋል እኮ!" አሏቸው።

"ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ደጅ ናት!" ጋሽ ደጀኔ ተንሾካሾኩ። "ከሰማች ወደ ሶፋው መመለሴ ነው። አልዳነም ይበሉልኝ።"

ወጌሻው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወጡ። "እትዬ ዘርፌ፣ ገና አልዳኑም፤ ማሸቱን እንዳያቋርጡ።"

እትዬ ዘርፌ በሩን ገርበብ አድርገው ጠጋ አሏቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ! እኔም እንዲሁ እንዲሉልኝ ልለምንዎ ነበር። ትናንት ቁልፍ ረስቶ፣ አጥር ዘሎ ሲገባ በመስኮት አይቼዋለሁ።"